ውሻ በቀደደው በሽታ ሲገባ

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱን ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ለሰው ነው፤ አንዱ በከፈተው ቀዳዳ ሌላው የባሰው ሲገባ። ዛሬ ግን እኛ ቃል በቃል ልንወስደው ነው። ስለ ውሻ፣ ስለ አጥርና በቀዳዳው ስለገባው ነገር እናወራለን። የገባው ጅብ አይደለም፤ በዓይን የማይታይ ቫይረስ ነው። የገባበት ግቢም የኛ የቆርቆሮ አጥር ሳይሆን የባሌ ተራሮች ናቸው።

«የቤት እንስሳን አካባቢን በማይጎዳ መንገድ መያዝ» ሲባል ብዙዎቻችን ፈገግ እንላለን። ሰው ሳይጠግብ ስለ ውሻ? ይህማ የፈረንጅ ቅብጠት ነው! እንላለን። ለነገሩ ታሪኩን ስናገላብጠው ጉዳዩ ከማንም በላይ የኛ ሆኖ እናገኘዋለን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአያቶቻችን ውሻ

ባገራችን ውሻ የተከበረ እንስሳ ሆኖ አያውቅም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሿ ሉሉ ቤተ መንግሥት ውስጥ እንደልቧ ትመላለስ እንደነበር ይታወቃል፤ የቀረው የአገሩ ውሻ ግን ቦታው ደጅ ነበር። ሥራው ሌባና ጅብ መጠበቅ፣ ደመወዙ ፍርፋሪ። የእንጀራ ቁራሽ፣ የድስት ጥራጊ፣ ከበዓል የተረፈ አጥንት። ማንም ለውሻ ብሎ በግ አላረደም፣ ማንም ለውሻ ብሎ ቆርቆሮ አልከፈተም።

ይህን እንደ ድህነት ብቻ ማየት ስህተት ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1860 ገደማ፣ ጄምስ ስፕራት የሚባል አሜሪካዊ ለንደን ውስጥ የውሻ ብስኩት አምርቶ መሸጥ ጀመረ። ለውሻ ተብሎ የሚመረት ምግብ ገበያ ከዚያ ተነሥቶ ግዙፍ ኢንዱስትሪ ሆነ። በ2017 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንዳሰላው፣ በዚያ አገር ከብት፣ አሳማና ዶሮ ለማርባት ከሚጠፋው መሬት፣ ውሃና ነዳጅ ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ለውሾችና ለድመቶች ምግብ ሲባል የሚወጣ ነው። የሴት አያታችን ውሻ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። ሊጣል የነበረውን በላ፣ አለቀ።

እንግዲህ የአያቶቻችን ኩሽና ለተፈጥሮ የሚመች ነበር። በራቸው ግን ክፍት ነበር። ሲመሽ ውሻው ይለቀቃል፤ ያሻው ሰፈር ያድራል፤ ሴቷ በየዓመቱ ትወልዳለች፤ ቡችሎቹ ወይ ለዘመድ ይሰጣሉ ወይ ሜዳ ይጣላሉ። ችግሩ የገባው በዚህ በር ነው።

እብድ ውሻ ከተማ ሲገባ

የእብድ ውሻ በሽታ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1970 ባሳተሙት ጥናት የበሽታውን ታሪክና የባህል ሕክምናውን ዘርዝረዋል። አዲስ አበባ ራሷ ከተቆረቆረች ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላት፣ በ1903፣ በወረርሽኙ ተመትታለች። ሰው ሲነከስ መጠጊያው ጠበልና የባህል መድኃኒት አዋቂ ነበር። ፓስተር ፓሪስ ላይ ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የተነከሰ ልጅ በክትባት ያዳነው በ1885 ቢሆንም፣ የዚያ ክትባት ዘሮች ለኛ ሕዝብ እስኪዳረሱ ብዙ ጊዜ ወስዷል። ቀን በቀን ሆድ ላይ የሚወጋውን መርፌ የቀመሱ ሰዎች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ፤ ጠይቋቸው።

ከተሞቻችን ለዚህ የሰጡት መልስ ደግሞ መርዝ ነበር። መርዝ የተቀባ ሥጋ ሌሊት ይበተናል፣ ሲነጋ ሬሳ ይሰበሰባል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሞተውን ውሻ ቦታ በጥቂት ወራት ውስጥ ያልተከተበ አዲስ ቡችላ ይይዘዋል፤ ቆሻሻው እስካለ ድረስ በይው አይጠፋምና። ሁለተኛ፣ መርዙ ውሻና ጥንብ አንሳ አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት ሲናገር የኖረው ሌላ ነው፦ ከውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። በዓለም ላይ በየዓመቱ በዚህ በሽታ ይሞታሉ ተብለው ከሚገመቱት 59,000 ሰዎች አብዛኞቹ፣ እስከ 99 በመቶ ድረስ፣ የተነከሱት በውሻ ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ሰው ነው። በቀዳዳው የገባው ነገር ግን ሰው ሰፈር ላይ አልቆመም።

ቀበሮ ያልሆነው ቀይ ቀበሮ

ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ስሜን ተራሮች ላይ ቀይ ጠጉርና ረጅም እግር ያለው እንስሳ አገኘ። በሳይንስ ስሙ ውስጥ «ስሜን» የሚለው ቃል የገባው ከዚህ ነው። እኛ ቀይ ቀበሮ እንለዋለን። በ1994 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን ዘመድነቱ ከቀበሮ ይልቅ ለተኩላ እንደሚቀርብ አረጋገጠ። የባሌ ኦሮሞዎች «ጀዳላ ፋርዳ» ይሉታል፣ የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት ነው፤ ልትወልድ የደረሰች ባዝራ እየተከተለ የእንግዴ ልጅ ይበላል ስለሚባል።

ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። የሚኖረው በአብዛኛው ከ3,000 ሜትር በላይ ባሉ ቀዝቃዛ ደጋዎች ነው፤ ባሌ፣ አርሲ፣ ስሜን፣ መንዝ፣ ወሎ። ቁጥሩ በአጠቃላይ 500 ገደማ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ባሌ ይገኛል። ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። አደኑን ብቻውን ያድናል፤ ሲመሽ ግን ከመንጋው ጋር ይሰበሰባል፣ ይላላሳል፣ ይጫወታል፣ ተጠጋግቶ ይተኛል።

ይህ ፍቅሩ ነው ያስጠቃው። አንዱ ከታመመ መንጋው በሙሉ ይታመማል።

በ1991 እና 92 የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ገባ። በዌብ ሸለቆ ተመራማሪዎች ከሚከታተሏቸው መንጋዎች ከአራቱ ሦስት እጅ ያህሉ አለቀ። መንጋዎቹ ተመልሰው ሲያገግሙ፣ በ2003 በሽታው እንደገና መጣ፤ እንደገናም በዚያው ሸለቆ ሦስት አራተኛውን ወሰደ። በ2008 እና በ2014 ተመልሶ መጣ። በመካከሉ ደግሞ ሌላ የውሻ በሽታ፣ ዲስቴምፐር የሚባለው፣ በ2010 ተጨመረበት።

ከየት መጣ? ከውሻ። የባሌ እረኞች ከብቶቻቸውን እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ የሚያወጡበት ጎዳንቱ የሚባል ልማድ አላቸው። ከከብቱ ጋር ጅብና ነብር የሚጠብቀው ውሻ አብሮ ይወጣል። ውሻው ክትባት አላገኘም፣ በቂ ምግብም የለውም፤ ስለዚህ ጥንብና አይጥ ፍለጋ ሜዳውን ያስሳል። እዚያ ከቀይ ቀበሮ ጋር ይገናኛል። አንዳንዴ ይናከሳሉ፣ አንዳንዴም ይዳቀላሉ። የዌብ ሸለቆ ድቅሎች በዚያው በ1994ቱ ጥናት ተመዝግበዋል። እረኛውን እንዳንወቅስ፤ ያለ ውሻ በጉን በአንድ ሌሊት ያጣል። የጎደለው ውሻውን የሚከትብለት ሰው ነበር።

ይህ የባሌ ብቻ ዕጣ አይደለም። በጎረቤታችን ታንዛኒያ፣ ሴሬንጌቲ፣ በ1994 ዲስቴምፐር ከመንደር ውሾች ተነሥቶ 3,000 ገደማ ከነበሩት አንበሶች 1,000 ያህሉን ፈጅቷል። የአራዊት ንጉሥ የምንለው እንስሳ በመንደር ውሻ በሽታ ሞተ።

ቀዳዳውን መድፈን

ደግነቱ ታሪኩ በሞት አያልቅም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ባሌ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ውሾችን ሲከትብ ኖሯል፤ በየዓመቱ ሺዎችን። በ2003ቱ ወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ አንድ ብልህ ሥራ ተሠራ። ሁሉንም ቀበሮ ይዞ መከተብ አይቻልም፤ ስለዚህ ሸለቆ ከሸለቆ በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች ላይ ያሉት መንጋዎች ተይዘው ተከተቡ። በሽታው ከዌብ ወጥቶ የቀረውን ባሌ ሳያዳርስ ቆመ። አጥሩን በሙሉ ማደስ ባይቻልም ቀዳዳውን መድፈን በቂ ሆነ። በ2018 ደግሞ የሚዋጥ ክትባት በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ለቀበሮዎቹ መስጠት ተጀመረ።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቡቺን ለምናሳድገው ለኛ ምናችን ነው? ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ከተሜው ወጣት ውሻ ማሳደግ ይዟል። እያየነው ያለነው ግን የተገለበጠ ነገር ነው፤ ከአያቶቻችን የተዘጋው ኩሽና ትተን የተከፈተውን በር ወረስን። ከውጭ የመጣ የታሸገ ምግብ እንገዛለን፤ ውሻውን ግን ማታ እንለቃለን። ቡችሎቹ ሲበዙብን ክፍለ ሀገር ላለ ዘመድ ሳናስከትብ እንልካለን። ያ ቡችላ ነገ የማን በግ እንደሚጠብቅ፣ የትኛው ደጋ ላይ እንደሚወጣ አናውቅም።

መገልበጥ ያለበት ይኸው ነው። ኩሽናውን እንደ አያቶቻችን እናድርገው፦ ቤት የተረፈውን እንስጥ። (ከወጥ በስተቀር፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ሩዝ፣ ድንች፣ እንቁላልና የሥጋ ቁራጭ ይበቃዋል።) በሩን ደግሞ እንዝጋ፦ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባት፣ ከዚያ በየዓመቱ መድገም፤ ዲስቴምፐሩንም የእንስሳት ሐኪሙን መጠየቅ። መውለዷን ካልፈለግን ማምከን እንጂ ቡችላ ሜዳ መጣል መፍትሔ አይደለም። ለሰው ስንሰጥም ከክትባት ደብተሩ ጋር። ወደ ባሌ፣ ወደ ስሜን ወይም ወደ ጓሳ ለሽርሽር ስንሄድ ውሻችን ቤት ይቅር፤ ንጹሕ አየሩ ይቅርበት።

አንድ መርፌ የሚያስወጣን ገንዘብ ከአንድ ከረጢት የውጭ የውሻ ምግብ ያነሰ ነው። የሚጠብቀው ግን መጀመሪያ ሰፈራችን ውስጥ ኳስ የሚጫወተውን ልጅ ነው፣ ቀጥሎ ውሻችንን፣ ከዚያም በመላው ዓለም የቀሩትን 500 ቀይ ቀበሮዎች። ውሻችሁ ለመጨረሻ ጊዜ የተከተበው መቼ ነው? ቀኑ ካልታወሳችሁ፣ ቀዳዳው እናንተ ግቢ ውስጥ ነው።