ውጅግራና ቤልጅግ በስምጥ ሸለቆ

በጥንታዊ ጠመንጃ ሰብሳቢዎች መለኪያ ከፋብሪካ እንደወጣ የቆየ መሣሪያ የሚባለው ሰደፉ ያልተፋቀ፣ አፈሙዙ ያልተቆረጠ፣ በየክፍሎቹ የተመታው ተከታታይ ቁጥር የማይለያይ ጠመንጃ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ይህን የሚያሟላ እምብዛም አይገኝም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 የታጠቀችውና እዚህ ውጅግራ የተባለው፣ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ነጠላ ጎራሽ «ግራ» ጠመንጃ፣ በግመል ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሸዋ ይገባ ነበር፤ ገጣሚው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ለምኒልክ ያደረሰው ጭነት ግን ከዚያም ያረጀ፣ ከአፈሙዙ የሚጎርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 በአዙሌ ውጊያ አርሲዎች በጦርና በጋሻ የተጋፈጡት በጠመንጃ የበለጸገውን የሸዋ ሠራዊት ነው።

ባቡሩ በአዋሽና በአዳማ አልፎ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የቅፍለቱ ዘመን አበቃ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከቤልጅየም የተገዛው፣ ቤልጅግ የተባለው ማውዘር አንዳንዱ የይሁዳ አንበሳ ምልክት የታተመበት ስለሆነ ዛሬ በውጭ ሰብሳቢዎች ይፈለጋል፤ ከአድዋ ድል የተገኘው የጣሊያን ጠመንጃ ቬተርሊም እንዲሁ። የተሰነጠቀ ሰደፍ በጠፍር ወይም በሽቦ የታሰረበትን ጠመንጃ ሰብሳቢው እንደ ጉድለት ቢቆጥረውም፣ ለታሪክ ጸሐፊ ግን ጥገናው ራሱ ሰነድ ነው። በአገር ውስጥ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ በርካታ አሮጌ ጠመንጃዎች ደግሞ በአሜሪካ ገበያ ተሸጠዋል።