አሳዳጊ የበደለው?

«አሳዳጊ የበደለው!» የሚለውን ስድብ ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ጥፋቱን የሠራው ልጁ ነው፤ ስድቡ ግን ልጁን አልፎ ቤት የተቀመጠችውን እናት ይመታል። «ሴት ያሳደገው» የሚለው ደግሞ ይብሳል። እኔ ልብ ያልኩት የአክስቴ ልጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ የዶርም ጓደኛውን ላፕቶፕ ሰርቆ ከዩኒቨርሲቲ የተባረረ ጊዜ ነው። አክስቴ ብቻዋን ነው ያሳደገችው። «ምን አጎደልኩበት?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም።

በኋላ ሳነብ፣ ይህንኑ ጥያቄ አንድ ፍርድ ቤት ለአንድ ወር ያህል ሲያገላብጠው እንደነበር አወቅሁ። ቦታው ቺካጎ ነው፣ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1924።

ናታን ሊዮፖልድ 19 ዓመቱ፣ ሪቻርድ ሎብ 18። ሁለቱም የናጠጡ ሀብታም ልጆች፣ ሁለቱም በትምህርት የሚደነቁ። ሎብ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ17 ዓመቱ ተመርቋል። ሊዮፖልድ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ይማራል፤ በዚያ ላይ ስለ ወፎች ጥናት ያሳተመ ልጅ ነው። ሜይ 21 ቀን ቦቢ ፍራንክስ የሚባል የ14 ዓመት ልጅ በተከራዩት መኪና አሳፍረው ገደሉት። ከዚያ ቤተሰቡን 10 ሺህ ዶላር ጠየቁ። ገንዘቡ እኮ አላስፈለጋቸውም! ማንም የማይደርስበት «ፍጹም ወንጀል» መሥራት ነበር ያማራቸው። ያስያዛቸው ሬሳው አጠገብ የወደቀ የሊዮፖልድ መነጽር ነው፤ የመነጽሩ ማጠፊያ በቺካጎ ለሦስት ሰው ብቻ የተሸጠ ዓይነት ነበር።

ጠበቃቸው ክላረንስ ዳሮው ሁሉም ያልጠበቀውን አደረገ፤ ልጆቹ ጥፋተኝነታቸውን እንዲያምኑ አደረጋቸው። ጉዳዩ ጁሪ ፊት ሳይቀርብ በአንድ ዳኛ፣ በጆን ካቨርሊ እጅ ሆነ። ከዚያ ልጆቹን ከገመድ ለማዳን የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን አሰለፈ። አንድ ጋዜጣማ ፍሮይድን ራሱን በገንዘብ ሊያስመጣ ሞክሮ ነበር፤ ፍሮይድ እምቢ አለ።

ሐኪሞቹ የቤቱን ጓዳ ሁሉ ገለጡት። ሎብን ያሳደገችው ጥብቅ ሞግዚት ናት፤ አጥና እንጂ ተጫወት አትለውም። ልጁ መዋሸትን ከእሷ ለመሸሽ ሲል ተማረ፤ ተደብቆ የመርማሪ ልቦለድ ያነባል፣ በሐሳቡም ማንም የማይይዘው የወንበዴዎች አለቃ ይሆናል። ሊዮፖልድን ደግሞ ሞግዚቱ በልጅነቱ አስነውራዋለች። እናቱ በሽተኛ ነበረች፤ እሱ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ሞተች። ከሰው በላይ የሆነ ሰው ሕግ አይገዛውም የሚለውን ሐሳብ ከኒቼ መጻሕፍት ይዞ ከረመ። አንዱ ያለ ሌላው ምናልባት አይገድልም ነበር ነው ነገሩ፤ እኔን ያሳመነኝ ይሄኛው ነው።

ግን ሎብ ሦስት ወንድሞች ነበሩት፤ ሊዮፖልድ ሁለት። በዚያው ቤት አድገው ማንንም አልገደሉም። ዐቃቤ ሕጉ ያመጣቸው ሐኪሞችም ሁለቱን መርምረን ምንም በሽታ አላየንም አሉ።

ሴፕቴምበር 10 ዳኛው ዕድሜ ልክ እስራትና ተጨማሪ 99 ዓመት ፈረደ። የሐኪሞቹን ጥናት አመሰገነ፣ ግን ከሞት ያዳናቸው ያ አልነበረም፤ ዕድሜያቸው ነው። መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። ይህ ሁሉ ጓዳ የተበረበረው ለዚህ ነው? አሁን ግን ዳኛው የማያውቀውን አውቃለሁ አለማለቱን እወድለታለሁ።

ሎብ በ1936 እስር ቤት ውስጥ በእስረኛ ተገደለ። ሊዮፖልድ በ1958 ተፈትቶ ፖርቶ ሪኮ ሄደ፤ እዚያው በ1971 ሞተ። የሎብ አባት ግን ፍርዱ ከተሰጠ ሁለት ወር ሳይሞላ ነው የሞተው።

ባለፈው ፋሲካ ይህን ሁሉ ለአክስቴ ነገርኳት። ልጇ ከዚያ ማዶ ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል። ስለ ገዳዮቹ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

«እናትየዋስ?» አለችኝ። «የሎብ እናት ኋላ እንዴት ሆነች?»