የመልካም መምህር ሚዛን

መልካም መምህር ማን ነው ተብለው ሲጠየቁ ተማሪና መምህር አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። ተማሪው የሚያደንቀው የማያዳላውን፣ የማይንቀውንና ያልገባውን ደግሞ ለማስረዳት የማይሰለቸውን ነው። መምህሩ ግን የሥራ ባልንጀራውን በዕውቀቱና በዝግጅቱ ይመዝነዋል። እነዚህ ሁለት ሚዛኖች የት እንደሚገናኙ የጎረቤታችን የሱዳን የትምህርት ታሪክ ያሳየናል።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. በካርቱም የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ሲከፈት የመንግሥት አሳብ ለወንዶች ትምህርት ነበር። ቀድሞ በማህዲ ሠራዊት ውስጥ የተዋጉት ሼክ ባቢከር በድሪ ግን በሰማያዊ ዓባይ ዳር በሩፋዓ ከተማ ሴቶችን ለማስተማር ተነሡ። ልመናቸው በመጀመሪያ ተቀባይነት አላገኘም፤ በ1907 ዓ.ም. ኃላፊነቱን ራሳቸው እንዲሸከሙ ተፈቀደላቸው። በአንዲት ጭቃ ቤት የተቀበሏቸው ልጃገረዶች 17 ሲሆኑ፣ 9ኙ ከራሳቸው ቤት፣ 8ቱ ከጎረቤት የመጡ ነበሩ። መምህሩ ለሰው ልጅ የሚመክሩትን አስቀድመው በገዛ ልጆቻቸው ላይ ፈጸሙት፤ ከዚህ የሚበልጥ የመታመን ምክንያት ለጎረቤት ሊሰጥ አይችልም።

የዝግጅትም ነገር እንደዚሁ ነው። በ1934 ዓ.ም. በነጭ ዓባይ ዳር በዱወይም አጠገብ በተቋቋመው በባኽት ኤር ሩዳ የመምህራን ማሠልጠኛ የጂኦግራፊ ትምህርት የተሰናዳው ሕፃናቱ በአሳብ ወደ ልዩ ልዩ የሱዳን ክፍሎች ተጉዘው የእኩዮቻቸውን ኑሮ እንዲጎበኙ ሆኖ ነበር። መምህሩ ከክፍል ውጭ የደከመበት ነገር በክፍል ውስጥ ለልጁ ደስታ ሆነለት። ተማሪው ድካሙን ባያየውም ፍሬውን ይቀምሳል፤ ሁለቱም ሚዛኖች የሚገናኙት በዚህ ላይ ነው።

ሼክ ባቢከር በ1954 ዓ.ም. ቢያርፉም ሥራቸው አልቆመም። ከካርቱም ማዶ በኦምዱርማን ልጃቸው ዩሱፍ በድሪ በ1966 ዓ.ም. አሕፋድ የተባለውን የሴቶች ኮሌጅ አቋቋሙ፤ ኋላም ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቃ። አሕፋድ በዐረብኛ የልጅ ልጆች ማለት ነው።

በሚያዝያ 2023 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በሌሎች ከተሞችም ብዙዎቹ የስደተኞች መጠለያ ሆኑ። ሕንፃ በእሳት ይጠፋል፤ ሰሌዳም ይሰበራል። በጭቃ ቤት ውስጥ 17 ልጆችን ሰብስቦ ሥራን የሚጀምር መምህር ካለ ግን ትምህርት ቤት አለ።