ገና ያልታየው መስመር ቦታ

ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ ያዘጋጀው የጂኦሜትሪ መጽሐፍ የመጀመሪያው ሐሳብ ከአንዲት መስመር ይነሣል። የመስመሩን ሁለት ጫፎች ማዕከል፣ ርዝመቱንም ራዲየስ ያደረጉ ሁለት ክቦች ይሠራሉ፤ ክቦቹ ከሚገናኙበት ነጥብ ወደ ጫፎቹ መስመር ይሰመራል፤ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ይገኛል። ክቦቹ ካልቀደሙ ስለ ጎኖቹ እኩልነት የሚመሰክር ነገር የለም። በአሸዋ ወይም በጥቁር ሰሌዳ ላይ እያሰመረ የሚያስተምር ሰው ይህን ቅደም ተከተል ሳይደክም ያስተላልፋል፤ እጁ መስመሩን እስኪጨርስ የተማሪው ሐሳብ ፋታ ያገኛል።

የእጅ ጽሑፍና ኋላም ኅትመት ትምህርቱን ለብዙዎች ሲያደርሱ ይህን ፋታ አስቀሩት። ገጹ ያለቀውን ሥዕል ባንድ ጊዜ ያቀርባል፤ ቅደም ተከተሉን አንባቢው ዓይኑን በጽሑፉና በሥዕሉ መካከል እያመላለሰ ራሱ መልሶ ይገነባዋል። ቀደምቶቻችን ይህን ጉድለት ዝም ብለው አልተቀበሉትም። የሰው አካል አጥኚው ቬሳሊየስ እ.ኤ.አ. በ1543 ባሳተመው ኤፒቶም በተባለ መጽሐፍ አንባቢው የውስጥ አካላትን ሥዕል ቆርጦ በንብርብር እንዲለጥፍ ገጾች አዘጋጀ። በ1570 ለንደን ላይ የታተመው የመጀመሪያው እንግሊዝኛ ዩክሊድ ስለ ጠጣር ቅርጾች በሚናገርበት ክፍል ተነሥተው የሚቆሙ ወረቀቶች ተለጥፈውበታል። ኦሊቨር ባይርን ደግሞ በ1847 የዩክሊድን የመጀመሪያ ስድስት መጻሕፍት በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ አሳተመ፤ ማዕዘኑን በፊደል ከመጥራት ይልቅ ባለቀለሙን ቅርጽ በዓረፍተ ነገሩ መካከል አስገባ። እጅግ ውብ መጽሐፍ ነው። ሆኖም ቀለሙ አንዱን ከሌላው ይለያል እንጂ የትኛው ቀድሞ እንደመጣ አይናገርም።

ያን ፋታ የመለሰው ብርሃን ነው። ክርስቲያን ሃይገንስ በ1659 ሥዕልን በብርሃን ግድግዳ ላይ ለሚያሳየው አስማታዊ ፋኖስ የነደፋቸው ሥዕሎች የገዛ ራሱን ከአንገቱ የሚያነሣ አፅም ያሳያሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በየመማሪያ ክፍሉ የገባው ኦቨርሄድ ፕሮጀክተር ለመምህሩ የተሻለ ነገር ሰጠው፤ መሠረቱን በአንድ ፕላስቲክ፣ ተጨማሪውን በሌላ ስሎ ይደርባል። በጠርዛቸው የተያያዙት ፕላስቲኮች ሲከደኑ ይገጥማሉ፤ የታችኛው ንድፍ ቅንጣት ሳይንቀሳቀስ አዲሱ ብቻ ይጨመራል። ከዚያ መሣሪያ ልንወርሰው የሚገባን ዋናው ነገር ይህ ነበር።

ውርሱ ወደ ኮምፒውተር የተሻገረው በዘወርዋራ መንገድ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑዝ በመጽሐፉ አዲስ እትም የኅትመት ጥራት አዝኖ በ1977 ጽሑፍን ለኅትመት የሚያሰናዳውን ፕሮግራም ቴክን መሥራት ሲጀምር ሐሳቡ ስላይድ አልነበረም። በቴክ ላይ ላቴክን የገነባው ሌስሊ ላምፖርት ግን ስላይቴክ የሚባል የስላይድ ማዘጋጃ ቅርንጫፍ አበጀለት። በስላይቴክ ውስጥ ጽሑፍን የሚሰውር ትእዛዝ አለ፤ የተሰወረው በፕላስቲኩ ላይ አይታተምም፣ ቦታው ግን ይጠበቅለታል፤ በሌላ ፕላስቲክ ታትሞ ሲደረብም ልኩን አይስትም። የሚደርበው ገና የሰው እጅ ነበር። ቲል ታንታው በ2003 ለዶክትሬት ሥራው መከላከያ ብሎ በላቴክ ስላይድ የሚያዘጋጀውን ቢመርን ሠራ፤ ባልደረቦቹም ስለጠየቁት ለሁሉም አቀረበው። ቢመር አምስት ደረጃ ያለውን ንድፍ አምስት የፒዲኤፍ ገጽ አድርጎ ያወጣዋል፤ ተናጋሪው ቁልፍ ሲጫን ገጽ ይገለጣል። ሥዕሉን የሚስለው ቲክዝም የታንታው ሥራ ሲሆን፣ በመመሪያው ውስጥ ካሉት ትምህርቶች አንዱ የዩክሊድ የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ያቺው መስመር፣ እነዚያው ሁለት ክቦች።

የቆየው ትምህርት የሚጠፋውም እዚሁ ነው። ንድፍን ደረጃ በደረጃ ለመግለጥ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ ኦንሊ የሚባለውን የቢመር ትእዛዝ ይጠቀማል። ኦንሊ ተራው ያልደረሰውን ክፍል ፈጽሞ እንዳልነበረ ያደርገዋል። ቲክዝ የሥዕሉን ስፋት የሚለካው በውስጡ ባለው ነገር ነውና ክቦቹ በሌሉበት ገጽ ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ክቦቹ ሲመጡ ይሰፋል፤ መሐል ላይ እንዲቀመጥ ከታዘዘም የመጀመሪያዋ መስመር ከነበረችበት ትዘላለች። ተመልካቹ አዲሱን ክብ መመልከት ሲገባው የሸሸችውን መስመር ይፈልጋል። አንከቨር የሚባለው ትእዛዝ ግን እንደ ጥንቱ ስላይቴክ ክፍሉን ሰውሮ ቦታውን ይጠብቃል። ዝላዩን እንደ ትንሽ የቴክኒክ ግድፈት ማለፍ አይገባም እላለሁ፤ ማረጋገጫው የቆመው መስመሯ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያቺው በመሆኗ ላይ ነው።

ዛሬ የቴክ ተከታዮች የሆኑት ዚቴክና ሉዋቴክ የግእዝን ፊደል በቀጥታ ስለሚቀበሉ በአማርኛ የሚያስተምር መምህርም የዚህ ሁሉ ወራሽ ነው፤ ከነችግሩ። ከትምህርቱ በኋላ የሚታደለውን ወረቀት ቢመር ሲያዘጋጅ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ደረጃዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ገጽ ይሰበስባል፤ ተማሪውም ባይርን ከታገለው ያለቀ ሥዕል ፊት እንደገና ይቆማል። ለወረቀቱ የትኞቹ ደረጃዎች ለየብቻ እንዲታተሙ በትእዛዝ መወሰን ይቻላል። ሁሉንም ማተም አያስፈልግም፤ ሐሳቡ የሚታጠፍባቸው ሁለት ወይም ሦስት ገጾች ይበቃሉ። ወረቀት ይጨምራል፤ በአዳራሹ ላልነበረ ተማሪ ሲባል ግን ይህ ወጪ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።