በረዶ ወይስ ምንጭ? ሕመም የሚያስረሳው መነጽር ታሪክ

ልጅ ሳለሁ የፈላ ውሃ እጄን አቃጥሎኝ ነበር። ከቃጠሎው ይበልጥ የማስታውሰው ፋሻ የሚቀየርበትን ሰዓት ነው። ነርሷ ገና መቀሱን ስታነሳ እጮሃለሁ። እናቴ ታዲያ ፊቴን ወደ እሷ አዙራ «እንቆቅልህ!» ትለኛለች። «ምን አውቅልሽ» ብዬ መልሱን ስፈልግ ፋሻው ተቀይሮ ያልቃል።

ምህንድስና ተምሬ ስለ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ሳነብ ያገኘሁት ይህንኑ የእናቴን ዘዴ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካዊው አይቫን ሰዘርላንድ በኮምፒውተር የተሳለ ዓለም የሚያሳይ፣ ጭንቅላት ላይ የሚደረግ መሣሪያ ሠራ። ከመክበዱ የተነሳ ከጣሪያ ጋር ታስሮ ነበር የሚንጠለጠለው። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ሀንተር ሆፍማን እና ዴቪድ ፓተርሰን መነጽሩን ወደ ቃጠሎ ታካሚዎች ወሰዱት። በ2000 ያሳተሙት ጥናት የሁለት ታዳጊዎች ነው፤ አንዱ 16፣ ሌላው 17 ዓመታቸው። ቁስላቸው ሲታከም አንዴ ተራ የቪዲዮ ጌም ተጫወቱ፣ አንዴ ደግሞ መነጽሩን አደረጉ። በመነጽሩ ጊዜ ሕመሙም ጭንቀቱም በጣም ቀነሰ።

ለምን? ሕመም እንዲሰማን ትኩረት ያስፈልጋል፤ ትኩረታችን ደግሞ ውስን ነው። ስንፈራ ሁሉም ቁስሉ ላይ ያርፋል። ዓይንና ጆሯችን በሌላ ዓለም ሲያዙ ግን ለሕመሙ የሚተርፈው ያንሳል። ልብ በሉ፤ መነጽሩ ከማስታገሻ መድኃኒት ጋር ይሰጣል እንጂ መድኃኒቱን አይተካም።

ተመራማሪዎቹ ለዚሁ ብለው «ስኖውወርልድ» የተባለ ጌም ሠሩ። ታካሚው በረዷማ ሸለቆ ውስጥ እየተንሳፈፈ የበረዶ ኳስ ይወረውራል። እሳት ላቃጠለው ሰው ከእሳት የራቀ ቦታ መረጡለት ማለት ነው።

እዚህ ላይ አርባ ምንጭ ትዝ አለችኝ። ለጋሞ ደጋ ልጅ በረዶ ማለት እኮ ከዝናብ ጋር ወርዶ ሰብል የሚመታው ነው! ለእሱ ቅዝቃዜ ማለት ከተማዋን ስም ያወጡላት፣ ከገደሉ ሥር በጫካው ጥላ የሚፈልቁት ምንጮች ቢሆኑስ?

ጉግል በ2014 ስልክ የሚገባበት የካርቶን መነጽር ካወጣ ወዲህ መሣሪያው ብርቅ አይደለም። ለቁስል ክፍል ግን ካርቶን አይሆንም፤ በየታካሚው ሊጸዳ የሚችል ፕላስቲክ ያስፈልጋል። ትልቁ ሥራ ዓለሙን መሥራት ነው። ይህ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው። ልጁ በጫካው ውስጥ እየዞረ ምንጮቹን አንድ፣ ሁለት እያለ ይቆጥራል፤ አርባ ላይ ሳይደርስ ፋሻው ያልቃል።