የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎች ጤናና የዕለት ተዕለት አካባቢያቸው፦ ከግላስጎው፣ ከስቶክሆልምና ከእንግሊዝ የተገኘ ማስረጃ

አህጽሮተ ጥናት

ይህ መጣጥፍ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው አዋቂዎች የሚዘጋጁ የጤና ማጎልበቻ መርሐ ግብሮች ስኬት በምን እንደሚወሰን ይመረምራል። በሦስት ቦታዎች የተካሄዱ ሥራዎችን በማነጻጸርም፣ የተንከባካቢው የሥራ ልማድና የጤና ተቋሙ አሠራር አብረው ካልተለወጡ ለግለሰቡ የሚሰጥ ምክር ብቻውን ሩቅ እንደማይሄድ ይሞግታል። በመጨረሻም ይህ ድምዳሜ ለኢትዮጵያ ያለውን ትርጉም ያመለክታል።

መግቢያ

የአእምሮ እድገት ውስንነት በልጅነት ዘመን የሚጀምር፣ የመማርና የማመዛዘን አቅምን እንዲሁም ራስን ችሎ ለመኖር የሚያስፈልጉ ክህሎቶችን የሚነካ ሁኔታ ነው። ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከመቶ ሰዎች አንዱ ገደማ ከዚህ ሁኔታ ጋር እንደሚኖር ያመለክታሉ። ሁኔታው በራሱ በሽታ አይደለም፤ ይሁን እንጂ አብረውት የሚኖሩ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ቀድመው ይሞታሉ።

በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የተመራና እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነ ምርመራ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የ247 ሰዎችን ሞት አንድ በአንድ ፈትሿል። በውጤቱም ወንዶቹ ከአጠቃላዩ ሕዝብ 13 ዓመት፣ ሴቶቹ ደግሞ 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ ታወቀ። ከሞቶቹ 37 በመቶው ጥሩ ሕክምና ቢገኝ ኖሮ ሊቀሩ የሚችሉ ነበሩ፤ በአጠቃላዩ ሕዝብ ዘንድ ይህ ድርሻ 13 በመቶ ነው። በሽታን ለይቶ ማወቅና ሕክምና መጀመር መዘግየታቸው ከዋነኞቹ ምክንያቶች መካከል ተጠቅሷል። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች የሚታሰብ ማንኛውም የጤና መርሐ ግብር ከስፖርትና ከአመጋገብ ትምህርት አልፎ ሕመማቸው ለምን ሳይታወቅ እንደሚቆይ መጠየቅ አለበት።

ሕመም የሚሰወርበት መንገድ

ስቲቨን ራይስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጥናት ባለሙያዎች አንድን ምልክት ሲመለከቱ መንስኤውን ለመፈለግ ከመሞከር ይልቅ በአእምሮ እድገት ውስንነቱ እንደሚያሳብቡት አሳዩ። ሕመሙን በቃል መግለጽ የማይችል ሰው ጥርሱን ሲያመው ፊቱን ሊመታ ይችላል። ድርጊቱ እንደ ጠባይ ችግር ከተቆጠረ ጥርሱን የሚያይለት አያገኝም። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች የታይሮይድ እጢ መታወክ፣ የመስማት ችግርና በእንቅልፍ ወቅት የትንፋሽ መቆራረጥ በብዛት ያጋጥማቸዋል። የአንድ ወጣት መፍዘዝና መወፈር «የተፈጥሮው ነው» ተብሎ ሲታለፍ በቀላል የደም ምርመራ ሊደረስበት የሚችል በሽታ ለዓመታት ተደብቆ ይቆያል።

መድኃኒትም የራሱ ድርሻ አለው። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት ከ30,000 እስከ 35,000 የሚደርሱ ውስንነቱ ያለባቸው አዋቂዎች ተገቢው ምርመራ ሳይኖር የሥነ አእምሮ መድኃኒት በየቀኑ ይወስዱ ነበር። በማግስቱ ዓመት ይህን ለመቀነስ አገር አቀፍ ንቅናቄ ተጀመረ። ከእነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ ክብደት ይጨምራሉ፤ እንቅልፍ እንቅልፍም ያሰኛሉ። ማዘዣው ሳይከለስ ሰውየውን ስለ ቅባትና ስለ ስኳር ማስተማር ታካሚውን መበደል ነው።

ሁለት ሙከራዎች

በግላስጎው የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት 102 አዋቂዎችን በዕጣ ከፍሎ አንዱን ቡድን ለ12 ሳምንታት በእግር ጉዞ መርሐ ግብር አሳተፈ። ተሳታፊዎቹ ፊት ለፊት ምክር፣ የጽሑፍ መርጃና ለየራሳቸው የተዘጋጀ የጉዞ ዕቅድ አግኝተዋል። መርሐ ግብሩ በጥንቃቄ ቢዘጋጅም በቀን በሚራመዱት የእርምጃ ብዛት በሁለቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም።

በስቶክሆልም የተሞከረውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ሥራ ሌላ መንገድ ተከተለ። በ30 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየው ይህ መርሐ ግብር ሦስት አካላት ነበሩት፦ በየቤቱ ከሠራተኞቹ መካከል የጤና አምባሳደር ተሰየመ፤ ተንከባካቢዎቹ በጥናት ቡድን ተሰባስበው ስለ ሥራቸው ተወያዩ፤ ነዋሪዎቹም የጤና ትምህርት ወሰዱ። በውጤቱ የነዋሪዎቹ እንቅስቃሴ ከንጽጽር ቡድኑ አንጻር በአማካይ በቀን 1,608 እርምጃ ጨመረ፤ የሠራተኞቹ የሥራ ልማድም ተሻሻለ። በአንጻሩ በክብደት፣ በወገብ ልክና በአመጋገብ ጥራት ጉልህ ለውጥ አልተመዘገበም።

ሁለቱ ጥናቶች በቆይታም በአኗኗር ሁኔታም ስለሚለያዩ ንጽጽሩ ጥንቃቄ ይሻል። ያም ሆኖ ልዩነታቸው ትርጉም አለው። እነዚህ አዋቂዎች መቼ እንደሚወጡ፣ ምን እንደሚበሉና ማን እንደሚሸኛቸው በአብዛኛው የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። የእግር ጉዞ የሚወድ ሰው አብሮት የሚወጣ ሠራተኛ በተረኞች ሰሌዳ ላይ ካልተመደበ ፍላጎቱ በር ላይ ይቀራል። የስቶክሆልሙ ሥራ ይህን ሰሌዳ ለመንካት ሞክሯል።

ይህ ማለት ግን ለግለሰቡ ማስተማር ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በቺካጎ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዳውን ሲንድረም ያለባቸውን 53 አዋቂዎች ይዘው በሠሩትና እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ የ12 ሳምንት የአካል ብቃትና የጤና ትምህርት ተሳታፊዎች ከስፖርት የሚጠብቁት ጥቅም ከፍ ብሏል፤ በሕይወታቸው ያላቸው እርካታም ጨምሯል። ሰው ስለ ገዛ አካሉ የማወቅና የመምረጥ መብት አለው። ምርጫው ፍሬ እንዲያፈራ ግን መንገዱ ክፍት መሆን አለበት።

ምርመራና ክትትል

በእንግሊዝ በሐኪሞች የአእምሮ እድገት ውስንነት መዝገብ የሰፈሩ ዕድሜያቸው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በየዓመቱ የጤና ምርመራ የማግኘት ዕድል አላቸው። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ይህ ቋሚ ቀጠሮ ቀደም ሲል ያልታወቁ በሽታዎችን ያጋልጣል። ስፔሻል ኦሊምፒክስም እ.ኤ.አ. በ1997 በጀመረው የአትሌቶች ጤና መርሐ ግብር በውድድር ሜዳዎች ላይ የዓይን፣ የጆሮ፣ የጥርስና የእግር ምርመራ በነፃ ይሰጣል። ሆኖም በሜዳ ላይ የተገኘ ችግር በአገር ቤት ሐኪም ካልታከመ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓመቱን ሙሉ ክትትል ወደሚያደርግ የማኅበረሰብ ጤና ሥራ መሻገሩ ተገቢ እርምጃ ነው።

ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

በአገራችን ተንከባካቢው በአብዛኛው ቤተሰብ፣ በተለይም እናት ናት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል የእናቶች ጥረት ምን ያህል መንገድ እንደሚከፍት አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለተንከባካቢዎች ያዘጋጀው የክህሎት ሥልጠናም ከኢትዮጵያ ሁኔታ ጋር ተጣጥሞ ተሞክሯል። እነዚህ ጅምሮች በዋናነት በልጆች ላይ ያተኮሩ ናቸው። ልጆቹ ግን ያድጋሉ፤ እናቶቻቸውም ያረጃሉ።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 25 ከፍተኛውን የጤና ደረጃ ያለ አድልዎ የማግኘት መብትን ይደነግጋል። ይህን ለመፈጸም አዲስ መዋቅር መጠበቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ቤት ለቤት የመድረስ ልምድ አለው፤ በስቶክሆልም የጤና አምባሳደሩ የያዘውን ድርሻ እዚህ የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከቤተሰቡ ጋር ልትይዘው ትችላለች።

ማጠቃለያ

ከማስረጃዎቹ ሦስት ተግባራት ይመነጫሉ። የጤና ሚኒስቴር የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎች በኤክስቴንሽን ሠራተኞች መዝገብ ተለይተው እንዲሰፍሩና በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመሩ ያድርግ። የሕክምናና የነርስ ትምህርት ቤቶች ምልክትን በውስንነቱ ከማሳበብ መቆጠብን በሥርዓተ ትምህርታቸው ያካትቱ። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም የተንከባካቢ ሥልጠናን ወደ አዋቂዎች አስፋፍተው ውጤቱን ይለኩ። በእንግሊዝ የተቆጠሩት ሞቶች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ሊቀሩ ይችሉ ነበር፤ በእኛ አገር ያሉትን ማዳን የምንችለው ቆጠራውን ስንጀምር ነው።