የማይታየው ባልና የሚያስፈራው ባል

በሁለተኛው መቶ ዓመት በሰሜን አፍሪካ፥ በማዳውሮስ የተወለደው አፑሌዩስ በላቲን በደረሰው «ወርቃማው አህያ» ውስጥ አንዲት አሮጊት የፕሲኬን ታሪክ ለተማረከች ልጃገረድ ታጫውታለች። ፕሲኬ የንጉሥ ልጅ ናት። ሰው ሁሉ እንደ ሐውልት ያደንቃታል እንጂ ለጋብቻ የሚጠይቃት የለም። የትንቢት ቃል ለአውሬ እንድትዳር ያዝዛል፤ ባሏም በጨለማ ብቻ እየመጣ መልኩን እንዳታይ ይከለክላታል። እኅቶቿ ገፋፍተዋት ኩራዝ ስታበራ ግን የተኛው ውቡ የፍቅር አምላክ ኩፒዶ ነበር። ከኩራዙ የወደቀች የዘይት ጠብታ ትከሻውን ታቃጥለዋለች፤ ነቅቶም ይሸሻል።

ማዳም ደ ቪልኔቭ በ1740 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን «ውቢትና አውሬው» የተባለ የፈረንሳይ ተረት፥ በለንደን የልጃገረዶች አስተማሪ የነበሩት ማዳም ለፕረንስ ደ ቦሞን በ1756 አሳጥረው ሲያቀርቡት ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። እዚህ መልኩ ግልጥ ነው፤ የተሰወረው ጠባዩ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አውሬው ታገባው እንደ ሆነ ውቢትን በየማታው መጠየቁ፥ እንቢታዋንም መቀበሉ ነው። ፕሲኬን ማንም አልጠየቃትም። ሴት ልጅ በወላጅ ፈቃድ በምትዳርበት በዚያ ዘመን ይህን ለልጃገረዶች ማስነበብ ቀላል ነገር አልነበረም። ደራሲዋ የውቢትን ታላቅ እኅት ደግሞ ከገዛ መልኩ በቀር ለማያፈቅር መልከ መልካም ድረዋታል፤ ከተረቱ ሁሉ የበሰለችው ንክሻ ይህች ናት።

ይሁንና ሁለቱም ተረቶች መጨረሻቸው ላይ ይፈራሉ። አውሬው መልከ መልካም ልዑል ይሆንና፥ ውቢት መልክን በመናቋ የምታገኘው ዋጋ ያው መልክ ይሆናል። ፕሲኬም ከሙታን አገር ያመጣችውን የውበት ሣጥን የከፈተችው ለባሏ አምራ ለመታየት ነበር፤ በውስጡ ያገኘችው ግን እንቅልፍ ብቻ ነው።